የተቆጠረ ይጎድላል

ኮምቦልቻ ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ጎረቤት «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ይልና እናቲቱን አልፎ ሕፃኑን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ዓይኑ ቶሎ ቶሎ የሚዞር ልጅ ልኬታ ያልፋል ይባላላ! የማይዞር ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ሻዩን ጠጥቶ «አብሽሪ፣ ገና ነው» ይልና ይወጣል። ደረጃው ጋ ሲደርስ ምን እንደሚል ግን እናቲቱ ታውቀዋለች፤ እሷም ስለ ሌላው ልጅ ብላዋለችና።

ፈተና የሚባለው ነገር በአያቶቻችን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በር ላይ ነበር የሚጠብቀው። ከዚያ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ከስምንተኛ ወደ ስድስተኛ። እንዲህ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ንፍጡን መጥረግ ያላወቀ ሕፃን ደጃፍ ደረሰ። አሁን አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ልኬታ ጣቢያ ይገባል፤ የሚለካውም ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር የገባው ልጅ በቀለም መስመር ይሄዳል፤ መጽሐፍ ይሰጠዋል፣ ሰው የሆነ አስተማሪ ይመደብለታል። ያልገባው በእጅ መስመር ይሄዳል፤ ጆሮው ላይ መሪ ድምፅ ይደረግለታል፣ ድምፁ ያዘዘውን እጁ እየሠራ ያረጃል። ከእጅ ወደ ቀለም የተሻገረ ሰው አለ ሲባል ይሰማል እንጂ ያየው የለም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል ነበር ድሮ፤ ዛሬ የቤተሰቡ ራት በሙሉ ልጅ ባቦካው ሆኗል። ወይ ዘመን!

ጦይባ የእጅ ናት። ባሏ ይመርም የእጅ ነው። ጦይባ ክር ፋብሪካ ቆማ «ግራ፣ ቀኝ፣ ቁረጪ፣ ቋጪ» የሚላትን ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። ማታ ቤት ገብታ ከጆሮዋ ካወለቀችው በኋላ እንኳ፣ ቡና ልትቀዳ ጀበናውን ታነሳና ትዕዛዝ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ የምትቆምበት ጊዜ አለ። ያኔ ይመር «ቅጂ» ይላታል። ትቀዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ይሳሳቁበት ነበር፤ አሁን ግን «ቅጂ» ይላታል፣ ትቀዳለች፣ በቃ።

ልጇን ረምላን ግን ማንም «ቅጂ» እንዲላት አልፈለገችም። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጅቷ ገና መቀመጥ ሳትችል ቁጥር ተጀመረ። የሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ሲረግጡት ቁጥሩን ይናገራል፤ ረምላ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ደረጃውን እየሰማች ነው ያደገችው። ዳቦ ቤት ሲኬድ ልጅ ካልቆጠረ ዳቦው በመስኮቱ አይወጣም፤ ወረፋው የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ የሚያጉረመርም የለም፤ ሁሉም ልጅ አለው። ጓንቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጣቱን እያጠፈ የሚቆጥር ልጅ ነጥብ ይቀነስበታል ስለተባለ፣ በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት የሰፈሩ ሕፃናት በሙሉ የሱፍ ጓንት አጥልቀው ይውላሉ። አሸዋ የሚዝቁት በጓንት ነው። ብስኩት የሚበሉትም በጓንት ነው። እጃቸው በላብ ሲያሳክካቸው በጥርሳቸው ይነክሱታል፤ እናቶች ደግሞ «ተይ አንቺ!» እያሉ መልሰው ያጠልቁላቸዋል።

ረምላ አላሳፈረቻትም። ሦስት ብርቱካን ቢያሳዩዋት አትቆጥርም፤ ዓይኗን ጣል አድርጋ «ሦስት» ትላለች። ባቄላ ሁለት ቦታ ከፍለው «የቱ ይበልጣል?» ሲሏት ቀድማ ብዙውን ታፍሳለች። ሌላው ልጅ ስድስት ቁልፍ ቆጥሮ ጨርሶ «ስንት ናቸው?» ሲባል እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ረምላ ግን «ስድስት አልኩሽ እኮ!» ብላ ትቆጣለች። ጦይባ ያን ቁጣ በጣም ትወደው ነበር። አንዳንዴ ሆን ብላ ሁለቴ ትጠይቃታለች፣ እንድትቆጣ።

ባልና ሚስት ሥራ ሲውሉ ልጅቷን የሚጠብቁት የይመር አባት፣ አባ እንድሪስ ናቸው። ከብታቸው ካለቀ በኋላ ከቃሉ ገጠር ወርደው ልጃቸው ዘንድ የተጠለሉ ሽማግሌ ናቸው። ሳል አለባቸው፤ ከሳሉ በቀር ቤቱ ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ረምላ ግን ከእሳቸው ሥር አትጠፋም።

የልኬታው ቀን ደረሰ። ጣቢያው ውስጥ ወላጅ ከመስተዋት ወዲህ ይቆማል፤ ልጅ ብቻውን ይገባል። ረምላ ወንበሩ ላይ ወጥታ እግሯን እያወዛወዘች ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ብርቱካን መጣ።

«ረምላዬ፣ ስንት ብርቱካን አለ?» አለ ማሽኑ፤ ድምፁ እንደ አክስት ድምፅ ይጣፍጣል።

«አምስት።»

ኩባያ መጣ፤ መለሰች። ጠጠር መጣ፤ መለሰች። ሁለት ቅርጫት እንቁላል መጥቶ «የቱ ያንሳል?» ብሎ ማሽኑ ሳይጨርስ ጠቆመች። ጦይባ የይመርን ክንድ ጨምድዳ ይዛ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ይመርም ፈገግ ብሎ ነበር፤ እሱ ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም።

ቀጥሎ ሣር ላይ የሚዘሉ ልጆች ሥዕል መጣ። ልጅ ልጅን ይወዳል ብለው ነው መቼም ያስገቡት።

«በሥዕሉ ላይ ስንት ልጆች አሉ?»

ረምላ እግሯን ማወዛወዝ ተወች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየቻቸው።

«ማን ማን ናቸው?» አለች።

«ስንት ልጆች አሉ?»

«ስማቸው ማን ነው? ይቺ ባለ ቀይዋ?»

«ረምላዬ፣ ስንት ልጆች አሉ?»

ዝም አለች። ሌላ ሥዕል መጣ፤ አሁንም ልጆች ናቸው። ዝም። ሦስተኛው መጣ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጦይባ መስተዋቱን ደበደበች፤ መስተዋቱ ግን የውስጡን ድምፅ ያወጣል እንጂ የውጭውን አያስገባም። ከዚያ በሩ ተከፈተና ያው ጣፋጭ ድምፅ «ረምላ ይመር፣ የእጅ መስመር። እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። ለሁሉም ያው ነው፤ ለቀለሙም ለእጁም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው የጣቢያው ሠራተኛ ህሊና ትባላለች። ወጣት ናት፤ ሰውን ፊት አትነሳም።

«ልጄ ቁጥር ታውቃለች!» አለቻት ጦይባ። «አየሽ አይደል? ብርቱካኑን አየሽ አይደል?»

«አይቻለሁ እህቴ።»

«ታዲያ?»

«ሰው አልቆጠረችማ።» ህሊና ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ቤታችሁ ሰው አይቆጠርም የሚል ትልቅ ሰው አለ መሰለኝ። የወረኢሉ ልጅ ነኝ እኔም፤ እናቴ ስንት ወለድሽ ስትባል 'አላህ የሰጠኝን' ነበር መልሷ።»

«እንግዲያውስ ንገሪያቸዋ! ባህል ነው በያቸው!»

«ለማን ልንገር? ማሽኑ ያወቀችና ያላወቀች ነው የሚለው፤ ሌላ የለውም። አንድ ይግባኝ አላችሁ፤ አንድ ብቻ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ አምጫት። ያው ሥዕል ነው የሚመጣው፣ ልጆች ናቸው። እስከዚያ ሰው እንድትቆጥር አድርጊያት።»

ቤት እንደገቡ ጦይባ ልጅቷን ጉልበቷ መሐል አቆመቻት። «ለምን አልቆጠርሽም? ንገሪኝ!»

«ሰው አይቆጠርማ» አለች ረምላ፤ እናቷ ይህን አለማወቋ ገርሟት። «አባባ ነግሮኛል። የተቆጠረ ይጎድላል።»

ጦይባ ቀና ስትል አባ እንድሪስ መከዳቸው ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። ለአማቿ ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጎረቤት ሰማ።

«ምን አደረጉብኝ? ምን አደረጉብኝ አንቱ? አራት ዓመት ሙሉ የለፋሁባትን ልጅ!»

«እኔ እኮ ልጠብቃት ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ላም አይቆጠርም፣ ልጅ አይቆጠርም። እኛ ማታ በረቱ አፍ ላይ ቆመን አንድ በአንድ ነው የምንጠራው፤ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኒቱ እያልን። የጎደለች ካለች ስሟ ሲጠራ ይታወቃል። ከቁጥር ምን ይገኛል? የመንግሥት ሰው መጥቶ የቆጠረልን ዓመት ነው ከብቱ ያለቀው።»

«ያለቀው በድርቁ ነው እኮ» አለ ይመር።

«ድርቁማ ከቆጠራው በኋላ አይደል የመጣው?»

ጦይባ እንባዋ ፈሰሰ። «እኔ ከብት አላውቅም። ልጄ እንደ እኔ ጆሮዋ ላይ ሰው እየጮኸባት ልታረጅ ነው። ያንን ነው የማውቀው።»

አባ እንድሪስ ከወለሉ ቀና አሉ። «እሺ» አሉ። «እኔ ያሰርኩትን እኔው እፈታዋለሁ። አታልቅሺ።»

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤተሰቡ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ረምላን ጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

«ረምላዬ፣ አባባ ዋሽቶሻል። ሰው ይቆጠራል።»

«ከተቆጠረ አይጎድልም?»

«አይጎድልም።»

ልጅቷ አላመነችም። አያቷን ታውቃቸዋለች፤ መሐላ የማይወዱ ሰው ናቸው። በገበያም ቢሆን፣ እውነት ይዘው እንኳ፣ ስሙን በከንቱ አልጠራም ብለው መብታቸውን ትተው የሚመለሱ።

«ወላሂ በል» አለቻቸው።

አባ እንድሪስ ዞረው ጦይባን አዩዋት። ጦይባ ዓይኗን አልሰበረችም። ልክ ነው፣ አማቷ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ልጅ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ይመር ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ።

«ወላሂ» አሉ ሽማግሌው። «አይጎድልም።»

ረምላ ተነሳች። ጓንት ያጠለቀ እጇን እናቷ ትከሻ ላይ አደረገችና «አንድ» አለች። አባቷ ጋ ሄዳ «ሁለት»። የራሷን ደረት ነክታ «ሦስት»። አያቷ ፊት ስትደርስ እጇን መልሳ ሰበሰበች። ጦይባ «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ በይ!» ትላታለች።

«አራት» አለችና እያለቀሰች እቅፋቸው ውስጥ ገባች። እሳቸውም «አየሽ? ምንም አልሆንኩም፣ አለሁ» እያሉ ጀርባዋን ደባበሷት። ጦይባ የዚያን ቀን ደስ ብሏት አደረች፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ደስ ብሏት ነው ያደረችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። በሳምንቱ ሳሉ ጠናባቸው። ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ ሳንባቸው ድሮም ያለቀ ነው ተባለ፤ ቢቆጠሩም ባይቆጠሩም ከክረምቱ አያልፉም ነበር። ለጁምዓ ሳይደርሱ ሞቱ። የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ። ሕንፃው ሥር ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ ገባ ወጣ አለ፤ ለሕፃኗ ግን ቁጭ ብሎ ምን እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም። የአያቷ መከዳ አጠገብ ተቀምጣ ሰዉን አንድ በአንድ ታይ ነበር። አላለቀሰችም። ሰዎች «ልጅ ምን ያውቃል፣ ጎሽ፣ ረስታዋለች» አሉ።

ይግባኝ ለቅሶ አያውቅም። የወሩ መጀመሪያ ሊደርስ ነው። ጦይባ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ልጅቷን ጓዳ አስገብታ ከሰፈር የለመነችውን የልጆች ሥዕል ዘረጋችላት።

«እዚህ ላይ ስንት ልጆች አሉ ረምላዬ?»

ረምላ «ማን ማን ናቸው» አላለችም። ስማቸውን አልጠየቀችም። ዓይኗን ጣል አደረገችና ወዲያው «ስድስት» አለች።

ጦይባ ሥዕሉን መልሳ አላየችውም። ምን ልታይ! ልጅቷ ሰው ቆጠረች እኮ! አቅፋ ሳመቻት፣ ፀጉሯ ውስጥ አለቀሰች፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ይማራቸው፣ በከንቱ አልቀረም» አለች። ሌላ ሥዕል ዘረጋች፤ አሁንም ረምላ ወዲያው መለሰች፤ አሁንም ሳመቻት። እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። ቁጥር ስታስተምር አራት ዓመት የኖረች ሴት፣ በዚያ ሳምንት አንዴም እንኳ መልሱን አላመሳከረችም።

በይግባኙ ቀን ይመር ፈረቃ ስለማይፈቅድለት ጦይባ ብቻዋን ወሰደቻት። ብርቱካኑ መጣ፣ ኩባያው መጣ፤ ረምላ እንደ ወንዝ ፈሰሰች። ቀጥሎ ልጆቹ መጡ። ሣር ላይ የሚዘሉት።

«ስንት ልጆች አሉ?»

«አራት።»

ጦይባ ከመስተዋቱ ወዲህ ቆጠረች። አምስት ናቸው። እንደገና ቆጠረች። አምስት።

«ስንት ልጆች አሉ?» ሌላ ሥዕል ነው፤ ሰባት ናቸው።

«ስድስት።»

ሦስት ልጆች መጡ፤ ሦስትን ደግሞ ረምላ ገና ስትድህ በዓይኗ ነበር የምታውቀው። «ሁለት» አለች፣ ሳታመነታ። ጦይባ በመዳፏ መስተዋቱን መታችው፤ «ረምላ! ደህና አድርገሽ እዪ! ሦስት ናቸው፣ ሦስት!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ አልሰማችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ለሚመጣው ሁሉ አንድ እያጎደለች መለሰች፣ እስከ መጨረሻው።

«ረምላ ይመር፣ የእጅ መስመር። ይግባኙ ተዘግቷል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ህሊና ከመስኮቷ ተነስታ መጣች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበር። «ሁሉንም በአንድ ብቻ ነው የሳተችው» አለች። «ሁሉንም። ሳይቆጥሩ እንዲህ መሳት አይቻልም።»

«እንግዲያስ ቆጥራለች በይልኝ!»

«ለማሽኑ ስህተት ያው ስህተት ነው እህቴ። ተዘግቷል። ነገ ጠዋት ለእጅ መስመር ታስረክቢያታለሽ። አላህ ያጽናሽ።» የሞተ እንዳለበት ሰው ነው የተናገረቻት።

ሹፌር የሌለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ጦይባ ለማልቀስም አቅም አልነበራትም። ልጅቷን ልትቆጣ ፈለገች፤ ትንሿን ፊት ስታይ ቁጣው ከየት ይምጣ።

«ረምላ፣ ሣሩ ላይ የነበሩት ልጆች አምስት አልነበሩም?»

«አምስት ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አራት አልሽ የኔ ልጅ?»

ረምላ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ወደ መንገዱም አየች። ከዚያ ተንጠራርታ አፏን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገች።

«አንዷን ደበቅኳታ። ትንሿን። አባባን ስቆጥር መደበቅ አላወቅኩም ነበር።»

ጦይባ እጇ ከልጅቷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሥዕሎቹ፣ ጓዳው፣ ያ ሁሉ መሳም መጣባት። በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም።

«እኛስ» አለች፣ «አሁን ቤታችን ስንት ነን?»

«ሁለት።»

«ማን ማን?»

«አባዬና እኔ።»

«እኔስ ረምላዬ? እኔ...»

ልጅቷ ደንግጣ የሱፍ ጓንቷን እናቷ አፍ ላይ ጫነችባት። «ዝም በይ እማ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «እንዳይሰሙሽ።»

ባጃጁ ሰፈራቸው ደርሶ እስኪቆም ልጅቷ እጇን ከእናቷ አፍ ላይ አላነሳችም።